ልንለቀው ከሆነ ለምን ያዝነው?

ዓሣው መለኪያው ሰሌዳ ላይ በጎኑ ተጋድሟል። ካፒቴኑ አፉን ከሰሌዳው ጫፍ ጋር አስጠግቶ፣ ጅራቱን በሁለት ጣቱ ሰብሰብ አድርጎ ቁጥሩን አነበበ። ሃያ አራት ኢንች ተኩል። «በግማሽ ኢንች በለጠ» አለና ዓሣውን ከሆዱ ደግፎ ለጋሼ አቀበላቸው። «ይልቀቁት።» (እንግሊዝኛው አንተም አንቱም አያውቅም፤ አንቱታውን የጨመርኩት እኔ ነኝ።)

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። ዋሽንግተን ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ ታክሲ የነዱ ሰው ናቸው፤ ቃሉ ጠፍቷቸው አይደለም። «አነሰ ብሎ ቢከለክለኝ ይገባኛል» አሉኝ በአማርኛ፣ ዓሣው እጃቸው ላይ እየተንፈራገጠ። «በለጠ ብሎ የሚከለክል ግን ዛሬ ገና አየሁ። ደግሞስ ልንለቀው ከሆነ ለምን ያዝነው?»

ጥያቄው የእሳቸው ብቻ አይደለም። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ በምንኖር ሐበሾች መሃል አንድ ሰው ቅዳሜውን ዓሣ ሲያጠምድ ዋለ ከተባለ፣ ቀጥሎ የሚመጣው «ስንት ያዘ?» ነው፤ ከዚያ «የታለ?»። መልሱ «ለቀቅሁት» ከሆነ ጨዋታው እዚያው ይደርቃል። ሰውየው ለዚሁ ሥራ ጀልባና ካፒቴን ተከራይቶ ብዙ መቶ ዶላር መክፈሉ ከተሰማማ ጤንነቱ ይጠየቃል። እኔም መጀመሪያ የሰማሁ ቀን ገንዘብ የተረፈው ሰው ቅብጠት መስሎኝ ነበር። ዛሬ አራተኛ ጉዞዬ ነው። ጋሼን ይዣቸው የመጣሁት ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ስላደጉና ስለ ዓሣ ከእኔ የበለጠ ስለሚያውቁ ነው። ምን እንደሚሉ ለመስማት ጓጉቼ ነበር፤ ይኸው አሉ።

ከድልድዩ በታች

የቼሳፒክን ወሽመጥ አብዛኞቻችን የምናውቀው ከላይ ነው። በጋ ሲመጣ ልጆቹን ጭነን ወደ ኦሽን ሲቲ ስንነዳ፣ አናፖሊስን አለፍ እንዳልን መንገዱ ድንገት ወደ ሰማይ ይወጣል። ቤይ ብሪጅ ነው። የመጀመሪያው ድልድይ እ.ኤ.አ. በ1952፣ ጎን ለጎን ያለው ሁለተኛው በ1973 ተከፈተ፤ ርዝመቱ ሰባት ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ትልልቅ መርከቦች ከሥሩ እንዲያልፉ መሃሉ በጣም ከፍ ተደርጎ ስለተሠራ፣ ከፍታ የሚያስፈራቸው ሰዎች መኪናቸውን በሌላ ሹፌር እያስነዱ በክፍያ ይሻገራሉ። ጋሼ እንዲህ ያለ ሥራ መኖሩን የሰሙት ጡረታ ከወጡ በኋላ ስለሆነ እስካሁን ይቆጫቸዋል።

ከላይ ሲያዩት ውኃው ምንም የሌለበት ግራጫ ሜዳ ይመስላል። ከታች ሌላ ነው። ወሽመጡ ድሮ ወንዝ ነበር። ከሰሜን የሚመጣው ሳስኩሃና ሸለቆውን ይዞ እስከ አትላንቲክ ይወርድ ነበር፤ የበረዶው ዘመን አብቅቶ ባሕሩ ሲሞላ ሸለቆው ከነገባር ወንዞቹ ሰመጠ። ዛሬ ከጫፍ ጫፍ 320 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም፣ ነገር ግን አማካይ ጥልቀቱ ስድስት ሜትር ተኩል እንኳ የማይሞላ ውኃ ነው። የድሮው ወንዝ አልጋ ግን አሁንም ከሥር አለ። ከኬንት ደሴት ደቡባዊ ጫፍ አጠገብ ከሃምሳ ሜትር በላይ የሚጠልቅ ጉድጓድ ይገኛል። ዓሣው የሚመላለሰው በዚሁ አሮጌ መንገድ ዳርና ዳር ነው፤ መንገዱን ለማየት ደግሞ ወይ ሶናር ያስፈልጋል፣ ወይ እዚህ ያረጀ ሰው።

ሌላው ነገር ውኃው ራሱ ነው። ከወንዞቹ የሚወርደው ቀላል ውኃ ከላይ፣ ከውቅያኖስ የሚገባው ጨዋማና ከባዱ ውኃ ከታች ተደራርበው ይኖራሉ። ድልድዩ አካባቢ ጣት ነክሮ ለቀመሰው ጨው ያነሰው ሾርባ ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ውኃው አንድ ቦታ አይቆምም፤ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ሐይቅ ዳር ላደገ ሰው ይህ እንግዳ ነገር ነው። ገና ሳይነጋ ከኬንት ደሴት ወጥተን የድልድዩ ቋሚዎች ሥር ስንደርስ፣ ጋሼ ውኃው ኮንክሪቱን እያለፈ እንደ ወንዝ ሲሮጥ አይተው «ይኼ ወዴት ነው የሚሄደው?» አሉ። «አሁን ወደ ባሕር። ከስድስት ሰዓት በኋላ ይመለሳል» አለ ካፒቴኑ።

የእሱ ሥራ ግማሹ ይህን ሰዓት ማወቅ ነው። ውኃው ሲሮጥ ከእያንዳንዱ ቋሚ ጀርባ ጸጥ ያለ ኪስ ይፈጠራል። ዓሣው ኪሱ ውስጥ ቆሞ፣ ጉልበቱን ሳይጨርስ፣ ውኃው እያመጣ የሚያቀርብለትን ይጠብቃል። ውኃው ሲቆም ዓሣውም ይበተናል። «ሆቴል በር ላይ ተራ መያዝ ነው» አሉ ጋሼ። ተረጎምኩለት። ካፒቴኑ ሳቀና ለሌሎች እንግዶቹ እንደሚነግራቸው ቃል ገባ።

ፍሪሲዮን

እዚህ ውኃ ላይ ዓሣ ለማጥመድ የሚከራይ ጀልባ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ትልቁ፣ ካቢኔና ሽንት ቤት ያለው፣ ከኋላው ወፋፍራም ዘንጎች የተሰካኩበት ነው። ጀልባው ቀስ እያለ ማባበያዎቹን ይጎትታል፤ እንግዶቹ ቢራቸውን ይዘው ይቀመጣሉ፤ አንዱ ዘንግ ሲጎብጥ ተረኛው ተነሥቶ ያጠነጥናል። ዓሣውን የፈለገውም ያገኘውም ጀልባው ነው። ቤተሰብ ይዞ ለመዝናናት መልካም ነው። እኔ ግን አውቶቡስ ተሳፍሮ መጥቶ «ነድቼ መጣሁ» እንደ ማለት ይሆንብኛል።

ሁለተኛው እነሱ «ላይት ታክል» የሚሉት ነው፤ ቀላል መሣሪያ ብንለው ያስኬዳል። ጀልባው ትንሽና ካቢኔ የሌለው፣ መሪው መሃል ላይ የቆመ፣ ዙሪያውን ሰው የሚዞረው ነው። ዘንጉ ከሁለት ሜትር እምብዛም አያልፍም፤ ቀኑን ሙሉ ቢይዙት ክንድ አያዝልም። ክሩ የተሸረበ ሆኖ የስፌት ክር ያህል ይቀጥናል፣ ግን ከሰባት እስከ ዘጠኝ ኪሎ ይሸከማል። ከጫፉ ውኃ ውስጥ የማይታይ የፕላስቲክ ክር ይቀጠላል። ከዚያ የእርሳስ ራስ ያለው መንጠቆ ይታሰራል፤ መንጠቆው ላይ ለስላሳ የፕላስቲክ ዓሣ ይለብሳል። ትል የለም፣ ሥጋ የለም። ዓሣውን የሚያታልለው የእጅ እንቅስቃሴ ብቻ ነው።

አሠራሩ በአንድ ደቂቃ ይነገራል። ማባበያው ታች ድረስ ይጣላል፤ መሬት ሲነካ ክሩ ይላላል። ዘንጉን ወደ ላይ ቀና ማድረግ፣ ከዚያ ክሩን እየተከተሉ ዝቅ ማለት፣ ደግሞ ቀና ማድረግ። ለመልመድ ግን ዓመታት ይፈጃል፤ ምክንያቱም ዓሣው የሚመታው ማባበያው ሲነሣ ሳይሆን ሲወድቅ ነው። የቆሰለ ትንሽ ዓሣ የሚሰምጠው እንዲያ ነዋ። ክሩ ከላላ ምቱ አይሰማም፤ ከተወጠረ ደግሞ አወዳደቁ ይበላሻል። መሃል ላይ ያለችውን ልክ ነው ገንዘብ ከፍሎ መማር። አንዴ ካፒቴኑ ከጀርባዬ ቆሞ «አሁን!» ሲለኝ እኔ ምንም አልተሰማኝም ነበር። እሱ የሚያየው ክሬ ውኃውን የሚነካባትን ነጥብ ነበር፤ እዚያች ላይ ክሩ የጸጉር ያህል ዘለል ብሏል። ቀና ሳደርግ ዘንጉ እስከ እጀታው ጎበጠ።

> ዓሣው የሚመታው ማባበያው ሲነሣ ሳይሆን ሲወድቅ ነው።

እንዲህ የቀጠነ ክር ትልቅ ዓሣ እንዴት ይችላል? ማጠንጠኛው ውስጥ የሚንሸራተቱ ሰሌዳዎች አሉ። ዓሣው ከተወሰነ ኃይል በላይ ሲጎትት ክሩ በመበጠስ ፈንታ እየተንሸራተተ ይወጣለታል። ልኩም ክሩ ከሚችለው ሩብ፣ ቢበዛ ሲሶ ላይ ይደረጋል። ካፒቴኑ ይህን ለማስረዳት ብዙ ጣረ። ጋሼ ክሩን በእጃቸው ሁለቴ ጎተቱት፣ ዝዝዝ ሲል ሰሙት፣ «ፍሪሲዮን ነው» አሉ። «ዳገት ላይ ግማሽ ይዘህ ትቆያለህ፤ አትለቀውም፣ አትረግጠውም።» ከዚያ ወዲያ ማንም ምንም ሊያስረዳቸው አልሞከረም።

እኔ ይህን የተማርኩት በኪሳራ ነው። በመጀመሪያው ጉዞዬ ዓሣው ሲሮጥብኝ ደንግጬ ማጠንጠኛውን አጠበቅሁት። ክሩ ጧ ብሎ ተበጠሰና ባዶው ጫፍ በነፋስ ተንሳፈፈ። ካፒቴኑ አልተቆጣም። ዝም ብሎ ሌላ ማባበያ አሰረልኝ። እስከ ዛሬ የማልረሳው ያንን ዝምታ ነው።

ዘዴው እዚሁ አገር ባለታሪክ አለው። ፍሬድሪክ፣ ሜሪላንድ የተወለደው በርናርድ ክሬ፣ ሰው ሁሉ «ሌፍቲ» የሚለው (እኛ ግራኝ እንለው ነበር)፣ በ1950ዎቹ ለቼሳፒክ ዓሣ ብሎ ከላባ ያሰረው ማባበያ በብዙ አገር ጨዋማ ውኃ ላይ ተለመደ፤ የአሜሪካ ፖስታ በ1991 ቴምብር አደረገው። ግራኝ በ2018፣ በዘጠና ሦስት ዓመቱ አረፈ። የዚህ አገር አጥማጆች ዛሬም የሚጠሩት ጎረቤታቸው እንደሆነ አድርገው ነው።

ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ

«ካፒቴን» ለማንም ጀልባ ላለው ሰው የሚሰጥ የማሞካሻ ስም አይደለም። እስከ ስድስት ሰው አሳፍሮ ገንዘብ ለመቀበል ከኮስት ጋርድ ፈቃድ ማውጣት ያስፈልጋል፤ ለፈቃዱም ቢያንስ 360 ቀን ውኃ ላይ መዋሉን ማስመዝገብ፣ ፈተና ማለፍ፣ በሐኪምና ለአደንዛዥ ዕፅ መመርመር ግድ ነው። የእኛ ካፒቴን አርባዎቹን እያገባደደ ያለ፣ አንገቱ በፀሐይ የተቃጠለ፣ ትንሽ የሚያወራ ሰው ነው። አባቱ በዚሁ ውኃ ሸርጣንና ኦይስተር እየሰበሰበ አሳድጎታል። «አባቴ ዓሣ ይሸጥ ነበር፤ እኔ ዓሣውን ማግኘትን እሸጣለሁ» ይላል።

ፀሐይ ስትወጣ የድልድዩን ሥር ትተን ወደ ደቡብ፣ ወደ ፖፕላር ደሴት ወረድን። ደሴቱ ራሱ ተረት ይመስላል። ማዕበል እየሸረሸረ ከሞላ ጎደል ጨርሶት ነበር፤ ከባልቲሞር ወደብ መርከብ መሄጃ የሚጠረገው ደለል እየተመላለሰ ተደፍቶበት፣ ዙሪያውን በድንጋይ ታጥሮ እንደ ገና ተሠራ። ድንጋዮቹ የሸርጣንና የትንንሽ ዓሣ መሸሸጊያ ስለሆኑ ትልልቆቹ እነሱን ተከትለው ይመጣሉ።

ካፒቴኑ ሞተሩን አጠፋና ቆመ። አምስት ደቂቃ ያህል ምንም አላደረገም። ጋሼ ጠጋ ብለው «ቤንዚን አልቆበት ነው?» አሉኝ። ወፍ እየፈለገ ነበር።

ጥቅምት የዚህ ጨዋታ ፋሲካው ነው። ውኃው ሲቀዘቅዝ በጋውን ወንዞቹ ውስጥ ያደጉት ሜንሃደንና አንቾቪ የሚባሉ ትንንሽ ዓሦች በመንጋ ወደ ደቡብ ይወርዳሉ። እኛ የምንፈልገው፣ ሮክፊሽ የሚባለው ዓሣ ከሥር ከብቦ ወደ ላይ ይገፋቸዋል፤ ከላይ ወፎቹ ይጠብቋቸዋል። ውኃ ላይ የተቀመጠ ወፍ ምንም አይነግርህም፤ ጠግቧል ወይም ተስፋ ቆርጧል። ከፍ ብሎ የሚዞር እየፈለገ ነው። ክንፉን አጥፎ እንደ ድንጋይ የሚወረወር ግን አግኝቷል። ሦስት የሚወረወሩ ካሉ ሞተር ማስነሣት ነው። ካፒቴኑ አንድ ሌላ ምልክትም አለው፤ ዓሣ ዓሣን ሲፈጅ ከሜንሃደኑ የሚወጣው ዘይት ውኃው ላይ ይንሳፈፋል፣ «ሐብሐብ ሐብሐብ ይሸታል» ይላል። እኔ በአራት ጉዞ አንድም ቀን አልሸተተኝም። ጋሼ ግን አፍንጫቸውን ወደ ነፋሱ አቅንተው «አዎ» አሉ። ለጨዋነት ይሁን ለእውነት አላወቅሁም።

መጀመሪያ የሰማነው ድምፁን ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እንደሚጀምር ዝናብ ነበር። ቀጥሎ ውኃው ግማሽ የኳስ ሜዳ በሚያህል ስፋት ሲፈላ አየን፤ ከመሃሉ እንደ መርፌ ያሉ ብርማ ዓሦች እየተረጩ ይወድቃሉ፣ ከኋላቸው ሰፋፊ ጀርባዎች ይገለባበጣሉ፣ ወፎቹ እርስ በርስ እየተጯጯሁ ይወረወራሉ። ካፒቴኑ መሃሉ አልገባም። ከነፋሱ በላይ ራቅ ብሎ ዞሮ ሞተሩን አጠፋና ነፋሱ እንዲያደርሰን ተወው። መንጋውን በሞተር ያቋረጠ ሰው ዓሣውን ለራሱም ለሌላውም ይበትናል። ቅዳሜና እሑድ ይህን የማያውቁ ጀልባዎች ከየአቅጣጫው እየከነፉ መጥተው ጨዋታውን ያበላሹታል። እኛ ዓርብ የመጣነው ለዚህ ነው።

«ላይ ላዩን አትመልከቱ» አለን። «እየዘለሉ ያሉት ልጆቹ ናቸው። ትልልቆቹ ከሥር ሆነው የሚወድቀውን ይለቅማሉ። አስምጡት።» ጋሼ አሰመጡት። ሦስት ቆጥረው፣ አራት ቆጥረው። ዘንጋቸው ጎበጠ፣ ማጠንጠኛው ዝዝዝዝ አለ፣ እሳቸው ደግሞ ግራ እግራቸውን የሌለ ፔዳል ላይ አድርገው ግማሽ እንደ መያዝ ዝቅ አሉ። በመለኪያው ሰሌዳ ላይ ግማሽ ኢንች የበለጠው ዓሣ ይኸው ነበር።

«አሞራ ገደል፣ አባ ኮዳው ሰው የጣለውን አንጀት ነው የሚጠብቀው» አሉኝ በኋላ፣ ሐዋሳን እያሰቡ። «የእኛ አሞራ ከሰው ይበላል። የዚህ አገር ሰው ደግሞ ከአሞራ ይማራል።»

አምስት ዓመት የተዘጋ ውኃ

ሜሪላንዶች ሮክፊሽ የሚሉት ዓሣ በሌላው አገር ባለ መስመሩ ባስ ይባላል፤ ብርማ ጎኑ ላይ ከስንጥቡ እስከ ጅራቱ ሰባት ስምንት ጥቁር መስመር ተሰምሮበታል። ከ1965 ጀምሮ የግዛቲቱ ዓሣ ተብሎ በሕግ ተሰይሟል። ኑሮው ሁለት ቦታ ነው። ትልልቆቹ ውቅያኖስ ውስጥ ይኖራሉ፣ በጸደይ ግን ጨው ወደሌለበት ወንዝ ወጥተው እንቁላል ይጥላሉ። በአትላንቲክ ዳርቻ ከሚገኙት አብዛኞቹ የተወለዱት እዚህ ወሽመጥ ውስጥ ነው። ስለዚህ እዚህ የሆነው ነገር እስከ ሜይን ድረስ ይሰማል።

በ1970ዎቹ ከልክ በላይ ተጠመደና ከመጥፋት አፋፍ ደረሰ። ሜሪላንድ በ1985 ውኃዋን ለሮክፊሽ ጭራሽ ዘጋች፤ እንደ ገና የከፈተችው በ1990 ነው። አምስት ዓመት። ለነጋዴም ለስፖርተኛም፣ አንድ ዓሣ እንኳ። የእኛ ካፒቴን ያኔ ልጅ ነበር፤ አባቱ ጀልባውን ሸጦ ግንባታ ሥራ መግባቱን ያስታውሳል። ዓሣው ግን ተመለሰ፤ በ1995 አገግሟል ተባለ። የተፈጥሮ ጥበቃ ሰዎች ይህን ታሪክ እስከ ዛሬ እንደ ገድል ይተርኩታል።

ገድሉ ግን አላለቀም። በ2019 ዓሣው እንደ ገና ከልክ በላይ ተጠምዷል ተባለ። በዚያ ላይ መራባቱ ተበላሸ። የግዛቲቱ ሰዎች ከ1954 ጀምሮ በየበጋው የዓመቱን ልጆች በመረብ እየሰበሰቡ ይቆጥራሉ፤ ከ2019 ወዲህ ቆጠራው በተከታታይ ከአማካይ በታች ነው። ስለ ዓሣ የሚያጠኑ ሰዎች ጣታቸውን ወደ ክረምቱ ይቀስራሉ። ሮክፊሽ ቀዝቃዛ ክረምትና ዝናባማ ጸደይ ይወዳል፤ ክረምቱ ሲሞቅ ጫጩቶቹ የሚመገቧቸው ደቃቅ ነፍሳት ከጫጩቶቹ ቀድመው ይፈለፈሉና፣ ጫጩቶቹ ሲመጡ ማዕዱ ተነሥቷል።

የጋሼ ግማሽ ኢንች ምስጢር ይኼ ነው። ከ2024 ወዲህ ወሽመጡ ውስጥ አንድ ሰው በቀን አንድ ሮክፊሽ ብቻ ይወስዳል፤ እሱም ከ19 ኢንች ያላነሰ፣ ከ24 ያልበለጠ። ታችኛው ልክ ያልደረሰውን ይጠብቃል፤ ላይኛው ደግሞ ትልልቆቹን፣ ማለትም በአብዛኛው እናቶቹን። ለጋሼ እንዲህ ብዬ ተረጎምኩላቸው፤ «የምትታለብ ላም አይታረድም ነው የሚለው።» «እንዲያ አትለኝም ታዲያ» አሉና ጎንበስ ብለው ዓሣውን ውኃ ውስጥ አስገቡት።

> «የምትታለብ ላም አይታረድም ነው የሚለው።»

ሁሉም ግን በዚህ አይስማማም። የትልልቆቹ ጀልባዎች ካፒቴኖች ከ2024 በፊት እንግዶቻቸው በነፍስ ወከፍ ሁለት ዓሣ ይወስዱ ነበር። «ሥጋ ፈልጎ የሚመጣ ሰው ለአንድ ዓሣ ቤንዚን አይከፍልም» ይላሉ፤ ደንበኛ እንደሸሻቸው፣ ከሥራ መውጣት የጀመሩ እንዳሉ ይናገራሉ። በመረብ የሚኖሩት ደግሞ ስፖርተኞቹን አይወዱም፤ «እኛ ለእንጀራ እንገድላለን፣ እነሱ ለጨዋታ»። ስፖርተኞቹ በፋንታቸው ወደ ቨርጂኒያ ያመለክታሉ። ሪድቪል በምትባል ከተማ ሜንሃደን በመርከብ እየተሰበሰበ የዓሣ ዘይትና መኖ ይሆናል፤ «የሮክፊሹን ምሳ ከአፉ ነጥቀው እኛን ይከሱናል» ይላሉ። ሦስቱንም ሰምቻለሁ። ሦስቱም ስለ ሌላው ሲናገሩ እውነት አላቸው።

የቀላል መሣሪያ ካፒቴኖች በዚህ ግርግር መሃል ብዙም አልተነኩም። ደንበኞቻቸው መጀመሪያም የሚመጡት ለዚያች ክሩ ላይ ለምትዘለው ነገር ነው።

የተለቀቀውም ይሞታል

እዚህ ላይ አንድ የማይመች ነገር አለ። የሚለቁ አጥማጆች ራሳቸውን እንደ ጻድቅ ሲያዩ ይታያል፤ እኔም አንድ ሰሞን እንዲያ ነበርኩ። ዓሣውን የሚያስተዳድሩት ግን ከሚለቀቁት መቶ ሮክፊሾች ዘጠኙ ይሞታሉ ብለው ያሰላሉ። ትንሽ ይመስላል። የሚለቀቀው እጅግ ብዙ ስለሆነ ግን በ2017 በሰው እጅ ከሞተው ሮክፊሽ ግማሽ የሚጠጋው ተለቅቆ የሞተ ነበር። «ምንም አልወሰድኩም» ያለው ሰው በጠቅላላው ከወሰደው ሰው እኩል ገድሏል ማለት ነው።

በተለይ ቀላል መሣሪያ የራሱ ኃጢአት አለው። መሣሪያው ከልክ በላይ ከቀጠነ ትግሉ ይረዝማል፤ ዓሣው ጡንቻው እስኪመረዝ ይደክማል፤ ተለቅቆ ዋኝቶ ይሄዳል፣ ከዓይን ሲርቅ ይሞታል። ጎበዝ ካፒቴን «ቀላል» ሲል «ደካማ» ማለቱ አይደለም። የእኛው በየዘንጉ ላይ ያለውን ፍሪሲዮን ራሱ እየለካ ያስተካክላል፤ ትግሉ ከሁለት ሦስት ደቂቃ ሲያልፍበት ፊቱ ይለዋወጣል።

ሙቀት ደግሞ ዋናው ገዳይ ነው። ሞቃት ውኃ የሚይዘው ኦክሲጅን ትንሽ ነው። በበጋ ከእርሻና ከከተማ የሚወርደው ማዳበሪያና ቆሻሻ አልጌውን ያፋፋዋል፤ አልጌው ሞቶ ሲበሰብስ ታችኛው ውኃ ትንፋሽ ያጣል። ሮክፊሹ ከላይ ሙቀቱ፣ ከታች እጦቱ እየገፋው መሃል ላይ ተጣቦ ይከርማል። በዚህ ጊዜ የተያዘ ዓሣ ቢለቁትም ተስፋው የመነመነ ነው። ስለዚህ ሜሪላንድ በበጋ ለሮክፊሽ የትራፊክ መብራት የመሰለ የቀናት ማስጠንቀቂያ ታወጣለች፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። ቀይ ቀን ሮክፊሽ አታጥምዱ ማለት ነው። የእኛ ካፒቴን ቀይ ቀን ደንበኛ ቢደውልለት ሌላ ዓሣ ፍለጋ ይወስደዋል፣ እምቢ ካለ ቀጠሮውን ይሰርዛል። እንደዚህ የማያደርጉም አሉ።

ጋሼ አንዱን ዓሣ ሲለቁ በቅርብ አየሁ። መጀመሪያ እጃቸውን ውኃ ውስጥ ነከሩ፤ ደረቅ እጅ ዓሣውን ከበሽታ የሚከላከለውን ልጋግ ይገፋል ስለተባሉ። የመንጠቆው እሾህ በጉጠት ተጨፍልቆ ስለነበር በአንድ ጠመዘዝ ወጣ። ዓሣውን ሳያነሡ፣ በውኃው ውስጥ ከሆዱና ከጅራቱ ሥር ይዘው ራሱን ወደሚመጣው ውኃ አዞሩት። ስንጥቡ ተከፈተ፣ ተዘጋ፣ ተከፈተ። ያን የሠላሳ ዓመት መሪ የያዘ እጅ ለአንዲት ደቂቃ ሳይንቀሳቀስ አየሁት። ከዚያ ጅራቱ አንዴ ተገረፈና እጃቸው ባዶ ሆነ፤ ፊታቸው ላይ የጨው ውኃ ተረጨ። አልጠረጉትም።

ቅርፊት የሌለው

ካፒቴኑ የጋሼን ነገር አስቦበት ኖሮ ምሳ ስንበላ ሐሳብ አመጣ። «ሥጋ የሚፈልጉ ከሆነ በሚቀጥለው ወር ወንዙ ውስጥ ልውሰዳችሁ። ሰማያዊ ካትፊሽ አለ፤ የፈለጋችሁትን ያህል ውሰዱ፣ ገደብ የለውም፣ መንግሥትም ያመሰግናችኋል።» እውነቱን ነው። ይህ ዓሣ በ1970ዎቹ ለስፖርት ተብሎ ቨርጂኒያ ወንዞች ውስጥ የተለቀቀ እንግዳ ሲሆን፣ አሁን ሸርጣኑንም የሌላውን ዓሣ ልጅም እየበላ ወሽመጡን ወርሮታል። ብሉት፣ ብሉት ይባላል።

ጋሼ አሰቡ። «አምባዛ ነው?»

«የአምባዛ ዘመድ» አልኩ።

«ቅርፊት አለው?»

«የለውም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ኦሪቱ ክንፍና ቅርፊት ብሏል፤ አገር ቤትም ብዙ ሰው አምባዛ አይነካም። ካፒቴኑ ለምን እንዳልተስማሙ ቢጠይቀኝ የዘሌዋውያንን ምዕራፍ በጀልባ ላይ ማስረዳት ከበደኝ፤ «ሃይማኖት ነው» ብዬ አለፍኩ። እሱም ራሱን ነቀነቀና ሳንዱቹን ቀጠለ። ሜሪላንድ ካትፊሹን በሰው አፍ እቀንሰዋለሁ ስትል የእኛን ሰው አልቆጠረችም።

ወፍ አለ መሰለኝ

ቀትር ላይ ኬንት ደሴት ተመለስን። ጋሼ አሥራ አንድ ይዘው አሥሩን ለቀቁ፤ እኔ ሰባቱንም ለቅቄያለሁ። በረዶ ሳጥኑ ውስጥ ያለችው አንዷ ሃያ አንድ ኢንች ናት። መድረኩ ላይ ካፒቴኑ ቢላዋ ሲያነሣ ጋሼ በትሕትና ከእጁ ወሰዱት። ከጆሮ ግንዱ ጀርባ ሰያፍ ቆርጠው፣ ቢላውን አከርካሪው ላይ አጋድመው፣ እስከ ጅራቱ አንድ ጊዜ አሳለፉት። አጥንት ላይ የቀረ ሥጋ አልነበረም። ካፒቴኑ አፉን ከፍቶ ቆመ። ጭንቅላቱንና አጥንቱን ለወፎቹ ሊወረውር ሲል «ኧረ! ሾርባው!» ብለው ከለከሉት።

ጉርሻውን ሰጠነው፤ እዚህ አገር ከዋጋው አምስተኛ ያህል መስጠት የተለመደ ነው። ጋሼ ከእኔ ድርሻ ላይ ሃያ ዶላር ጨመሩለትና እጁን በሁለት እጃቸው ጨበጡት።

መኪና ውስጥ እንደገባን ቤት ደወሉ። ስልኩ ድምፅ ማጉያ ላይ ነበር።

«አንድ ዓሣ ይዤ እየመጣሁ ነው።»

«አንድ?»

«አንድ። አሥራ አንድ ነው የያዝኩት፤ አሥሩን ለቀቅሁ።»

ከወዲያ በኩል ለጥቂት ጊዜ ምንም አልተሰማም። ድልድዩን መውጣት ጀምረን ነበር።

«ይሁን» አሉ ባለቤታቸው በመጨረሻ። «ግን ዛሬ ዓርብ መሆኑን ረሳኸው? ዓሣ በጾም እዚህ ቤት አይገባም። የምትበላው ነገ ነው።»

ጋሼ ወደ ኋላ ወንበር ዞረው በረዶ ሳጥኑን አዩት። ስልኩን ዘጉ። የድልድዩ አናት ላይ ስንደርስ መስኮታቸውን ዝቅ አድርገው ወደ ታች፣ ወደ ግራጫው ውኃ አንገታቸውን አሰገጉ።

«ቀስ በል» አሉኝ። «ወፍ አለ መሰለኝ።»